ቆባቸውን ሰው ዘንድ የተዉት ሳጅን

የጋሽ ወልዴን ሞት የነገረኝ ታምራት የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። ጣቢያችን በር ላይ ቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ሰብልዬ፣ ሳጅኑ አረፉ» አለኝ። የትኛው ሳጅን ብዬ አልጠየቅኩም። ቦንጋ ውስጥ ሳጅን ሞልቷል፤ ታምራት ግን «ሳጅኑ» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በኋላ በተዛወሩበት በቢታ ገነት ጣቢያ ተረኛ ሆነው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ደም ግፊታቸው ተነሣባቸው፤ ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ አለፉ። አስከሬናቸው ወደ ተወለዱበት መንደር፣ ሺሺንዳ አጠገብ እየመጣ ነው። ቀብሩ ነገ ነው።

«እትዬ አስካለስ ሰምታለች?» አልኩት።

«አሁን ከእሷ ዘንድ ነው የመጣሁት» አለ። «ነገ እኔ ነኝ የምወስዳት።»

በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል ሄደ። እኔ በሩን ተደግፌ ቀረሁ። በዚያው ቀን ጠዋት ለአዛዣችን ሥራ ልለቅ መሆኔን ነግሬው ነበር። «እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሺን» ነበር ያለኝ፤ ለምን እንደምለቅ እንኳ አልጠየቀኝም። እሱም የሚሄድበት ቢያገኝ የሚሄድ ይመስለኛል። ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሕዝቡ ፖሊስ ሳይመጣ ሲቀር ይሰድበናል፣ ስንመጣም ይሰድበናል። ሞተር ሳይክል አለን፣ ነዳጅ የለም። ነዳጅ ሲገኝ ጎማው የለም። ያሰርነውን ሰው ፍርድ ቤት «ማስረጃ የላችሁም» ብሎ ይለቀዋል፤ ከሳሹ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኘን ጉቦ የበላን ይመስለዋል። የሴቶችና ሕፃናት ክፍል መርማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምሰማውን ነገር ቤቴ ይዤ ገብቼ የማራግፍበት ቦታ አጣሁ። እና በዚያ ቀን ጋሽ ወልዴ ሞቱ።

ዋና ሳጅን ወልደሚካኤል የዚሁ የካፋ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት የጎበጠ፤ ሲራመዱ ሁልጊዜ ዳገት የሚወጡ ይመስላሉ። ለነገሩ ቦንጋ ውስጥ ሰው ሁልጊዜ ዳገት ነው የሚወጣው። ሲናደዱ ወደ አገራቸው ቋንቋ ወደ ካፊኖኖ ይገባሉ፣ ሲበርድላቸው በአማርኛ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከእኛ ጣቢያ ዕድሜያቸውን ፈጅተው ዋና ሳጅን ላይ ቆመው የቀሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያስተማሯቸው ልጆች ኮማንደር ሆነዋል። ይህ ነገር ሲነሣባቸው፣ «እኔ ሽቅብ ማየት አንገቴን ያመኛል» ይሉና ወሬውን ይቀይራሉ።

ጣቢያው ውስጥ የታወቁት ግን በአንድ ነገር ነበር፤ ቆባቸውን ለሰው ማስያዝ ይወዱ ነበር።

ጠብ ወዳለበት ቤት ሲሄዱ ገና ከበሩ መለዮ ቆባቸውን ያወልቁና፣ ከቤተሰቡ ውስጥ በጣም የተቆጣውን ሰው መርጠው በሁለት እጃቸው ይሰጡታል። «ያዝልኝ» ይላሉ። ያ ሰው ምን ያደርጋል? የመንግሥት ቆብ መሬት ላይ አይጥል። ጭንቅላቱ ላይ አያደርግ። በሁለት እጁ ይይዛል። ሁለት እጁ ከተያዘ ደግሞ ገጀራ የሚያነሣበት እጅ የለውም። ከዚያ ጋሽ ወልዴ ተቀምጠው፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ በሉ ከሥሩ ንገሩኝ» ይላሉ። ሲጨርሱ ቆባቸውን ይቀበላሉ፤ ቆቡን የያዘው ሰው እስኪሰጣቸው ድረስ ግን አይጠይቁም።

አንድ ጊዜ በቡና መሬት ድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ቆቡን ለታናሹ አስያዙት። ታናሹ ልጅ ነገሩ ሁሉ እስኪያልቅ፣ ስድቡም ልቅሶውም እስኪወጣ፣ ቆቡን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆመ። በመጨረሻ ታረቁና እናትየው ቆቡን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመልሰው እንቁላል ሞልታበት ነበር። ጋሽ ወልዴ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና፣ «እናቴ፣ ይሄ ቆብ የተሠራው ለባዶ ራስ ነው» ብለው ራሳቸው ላይ አደረጉት። መንገድ ላይ እስክንወጣ ድረስ ሳቄን ያዝኩ። እሳቸው አልሳቁም። «እንቁላሉን ብወስድ» አሉኝ፣ «ሁለተኛ ቆቤን የሚይዝልኝ የለም።»

ይህን የቆብ ነገር ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው፤ ከትምህርት ቤት አይመስልም። ከአባታቸው ነው አሉ። አባታቸው ማር ቆራጭ ነበሩ። የሰው ደን ውስጥ ቀፎ ሊሰቅሉ ወይም ማር ሊቆርጡ ሲገቡ፣ ጦራቸውን የደኑ ባለቤት ደጃፍ ላይ አስደግፈው ነው የሚገቡት። ሲወጡ ከማሩ ያካፍሉና ጦራቸውን ይወስዳሉ።

«ጦሩ ደጃፍ ላይ ካለ» አሉኝ ጋሽ ወልዴ፣ «ሰውየው ገና ደን ውስጥ ነው ማለት ነው። ቢመሽና ጦሩ እዚያው ቢሆን፣ ‹ከዛፍ ወድቆ ይሆናል› ተብሎ ይፈለጋል። አየሽ፣ ጦሩ ለሰውየው ፈላጊ ያስነሣለታል።»

ያን ጊዜ ደስ የሚል ተረት መስሎኝ ሰማሁት።

እትዬ አስካለ ቦንጋ ገበያ ቆጮ ትሸጣለች። ባሏ ሞቷል። ምሕረት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ዝምተኛ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ የምትውል። አንድ ቀን ጠዋት «ጓደኛዬ ዘንድ ላጥና» ብላ ወጥታ አልተመለሰችም። ስልኳ ተዘጋ። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ክፍል መጥታ ቃሏን ሰጠች። ስታወራ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ጫፉን እየጠቀለለች፣ እየፈታች፣ እየጠቀለለች ነበር።

ምሕረት ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በታምራት ባጃጅ ውስጥ ነው። ይህን እኛ ገና ሳናጣራ የሰው ስልክ አጣራው። የባጃጁ ፎቶ ከነታርጋው፣ «ልጅ የሚሸጠው ሌባ ይሄ ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ወሬ በሞገድ ይሄዳል፣ ፖሊስ በእግሩ። እኛ መናኸሪያው ስንደርስ ታምራት ከባጃጁ ወጥቶ መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ ግንባሩ ተፈንክቷል። ባጃጁ በጎኑ ተገልብጧል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ድንጋይ ይዟል። የማላውቀው ሰው ቢሆን አልገረምም ነበር፤ የማውቃቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት የምገዛት ሴትዮ ሳይቀር ነበረች።

የእኛ ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ ክላሽ ይዘዋል። አንዱ ወደ ሰማይ ልተኩስ ብሎ አቀባበለ። ጋሽ ወልዴ የጠመንጃውን አፈሙዝ በመዳፋቸው ዝቅ አደረጉት።

«ወደ ሰማይ ስትተኩስ ሰው ወደ መሬት ያጎነብሳል» አሉት። «መሬት ላይ ያለው ደግሞ ድንጋይ ነው። ተው።»

ከዚያ ብቻቸውን ገቡ። ሰው የሚገፋቸውም የሚያሳልፋቸውም አይመስልም ነበር፤ ዝም ብለው ያንን የዳገት አካሄዳቸውን ሄዱ። ከፊት እትዬ አስካለ ቆማለች። ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ ይዛለች። ሰዉ ሁሉ እሷን ነበር የሚጠብቀው፤ ልጅ የጠፋባት እሷ ናትና የመጀመሪያውን እሷ እንድትጥል።

ጋሽ ወልዴ ፊቷ ቆሙና ቆባቸውን አወለቁ። በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። «አስካለ፣ ያዥልኝ።»

አልያዘችም።

«ይሄ ልጅ ከሞተ ምሕረት የት እንደሄደች የሚነግረኝ የለም» አሏት። «ያዥልኝ። ልጅሽን ሳላመጣ ይሄን ቆብ አልወስድም።»

ቆቡን እንደዘረጉላት ቆሙ። ድንጋዩ ወደቀ፤ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት። ቆቡን ተቀበለች። በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገረች፤ ተዉት ማለቷ ነበር። ሰዉ ወዲያው አልተበተነም፤ ግን ላላ። በዚያች መላላት ውስጥ ታምራትን አንሥተን ይዘነው ሄድን።

ታምራት ንጹሕ ነበር። ልጅቷን መናኸሪያ አድርሷታል፤ እዚያ አንድ መነጽር ያደረገ፣ ነጭ ጫማ የተጫማ ሰው ቦርሳዋን ተቀብሏት የጅማ መኪና ውስጥ አስገብቷታል። ታምራት ራሱ በፋሻ ተጠምጥሞ ይህን እያለቀሰ ነገረኝ። ባለ ነጭ ጫማው ደላላ ነበር። ምሕረትን ያገኛት በስልክ ነው፤ አይቷት የማያውቅ ሰው ውጭ አገር ሥራ አገኝልሻለሁ ብሏት ተነሥታ ሄደች። ድሮ ደላላ በእግሩ መንደር ለመንደር ሲዞር ውሻው ይጮኽበታል፣ ሽማግሌው «የማን ልጅ ነህ» ይለዋል። የአሁኑ ስልክ ውስጥ ስለሆነ የሚጮኽበት ውሻ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያደከመኝ።

የደላላውን ስልክ ቁጥር አገኘን። ቁጥሩ በማን ስም እንደወጣ ለማወቅ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ወደ በላይ ይሄዳል፤ በላይ ደግሞ በላይ አለው። ጅማ ላለው ፖሊስ ደወልን፤ የጅማው ሰው ጨዋ ነው፣ «እህቴ፣ የጠፉብንን የኛንም ልጆች አላገኘናቸውም» አለኝ። ጋሽ ወልዴ በራሳቸው ዕረፍት፣ ሲቪል ለብሰው ጅማ ድረስ ሄደው መናኸሪያ ውስጥ ነጭ ጫማ ሲፈልጉ ሰነበቱ። «ጅማ ውስጥ ሁሉም ነጭ ጫማ አድርጓል» ብለው ተመለሱ።

በዚሁ ሰሞን ሥልጠና መጣልን። ከከተማ የመጣው አሠልጣኝ ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ሥራውን የሚወድ። በሌሎች አገሮች ፖሊስ ምን ላይ እንደደረሰ በምስል አሳየን። ደረታቸው ላይ ካሜራ የሚለጥፉ አሉ። ጠመንጃ ጨርሶ የማይዙ አሉ። የጠፋ ሰው በስልኩ የት እንዳለ ቁጭ ብለው የሚያዩ አሉ። ደግሞ ሕዝቡ የፖሊስ መኪና ሲያቃጥል፣ ፖሊስ ሰው አንገት ላይ ተንበርክኮ ሲገድል፣ ሥራው አስመርሯቸው በጅምላ የሚለቁትንም አሳየን። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው አለ።

ጋሽ ወልዴ ባዶ ራሳቸውን ነበሩ፤ ከኋላ ተቀምጠው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። መኪናው ሲቃጠል ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣ «ነዳጅ እያላቸውም ይጠሏቸዋል?» አሉኝ። ካሜራውን ወደዱት። «ጥሩ ነው፤ እኔ ስዋሽም ያየኛል» አሉ።

ጥያቄ ሲባል እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ያ ስልክ የሚያዩት አገር፤ እንትን…» አሉ፤ ቃሉ ጠፋቸው፣ ፈለጉት። «ከነሱ የምታውቀው ሰው አለ? አንድ ቁጥር አለኝ፤ እንዲያዩልኝ ነው።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አሠልጣኙ አልሳቀም። ፊቱ ቀላ፤ የማውቀው የለም አለ። ጋሽ ወልዴ አመስግነው ተቀመጡ። ሲወጣ ግን አሠልጣኙ ራሱ መጥቶ ቁጥሩን ከእሳቸው ስልክ ላይ ቀዳ። እንደሞከረ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደውሎ «ገና ነው ጋሼ» ብሏቸዋል። ከዚያ እሱም መደወል ተወ፤ እኔ እሱን አልቀየምም።

ያ ሁሉ ሲሆን ሌላ ጣጣ እየመጣ ነበር። የዚያን ዕለት መናኸሪያው ላይ አንዱ በስልኩ ቀርጿል። የቀረጸው ታምራት የዳነበትን አይደለም፤ ጋሽ ወልዴ ቆባቸውን አውልቀው ለሴትየዋ የዘረጉበትን ብቻ ነው። «ፖሊስ ለመንጋ እጁን ሰጠ» ተብሎ ተለቀቀ። በየአገሩ ያለ ሰው ሳቀበት፤ ተሳደበበት። ነገሩ ወደ በላይ ሄደ፤ ከደብዳቤያችን ይልቅ እሱ ፈጠነ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። እኔ ምስክር ሆኜ ገባሁ።

«ቆብዎ የት ነው?» አላቸው ሰብሳቢው።

«አስካለ ዘንድ ነው።»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ሄደው አይቀበሉም? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው።»

«ሥራውን አልጨረስኩም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም። ከዕቃ ግምጃ ቤት ሌላ ቆብ ያውጡና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ አላቸው። መውጫ በር እየከፈተላቸው ነበር። እኔም በዓይኔ እሺ በሏቸው እያልኩ ለመንኳቸው።

«አንድ ሰው ስንት ራስ አለው?» አሉ። «ሌላ ባደርግ ያኛው ጨርቅ ይሆናል።»

ኮሚቴው ይህ ነገር የገባው አይመስለኝም፤ ወይም ገብቶት ይሆናል። የመለዮ ክብር አጉድለዋል፣ ትእዛዝ አልተቀበሉም ተባለ። ጡረታቸው ሲቃረብ የዕድሜያቸውን ማዕረግ ሊያገኙ የነበሩት ሰውዬ ማዕረጉ ቀርቶባቸው ወደ ቢታ ገነት ተዛወሩ። የሄዱ ዕለት ሸኘኋቸው፤ አንዲት ሻንጣና አንድ ጃንጥላ ይዘው ነበር። ዝናቡ ራሳቸው ላይ ይወርዳል፣ ጃንጥላውን አልዘረጉትም።

«ጋሼ፣ ይቺን ነገር ይተዋት» አልኳቸው፤ ተበሳጭቼ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ ነው። ልጅቷ አትገኝም።»

አዩኝ። አልተቆጡም።

«እኔም አትገኝም ይሆናል እላለሁ» አሉኝ። «ግን ሰብልዬ፣ ያቺ ሴትዮ ድንጋይ ይዛ ነበር፤ ቆቤን አምና ነው ድንጋዩን የጣለችው። ቆቡን ከወሰድኩባት በባዶ እጇ ትቀራለች።»

ቢታ ገነት ከሄዱ በኋላ ከየገበያው የሚመጡ ሰዎች ወሬያቸውን ያመጡልኝ ነበር። «ቆብ የሌለው ሳጅን» ይሏቸዋል አሉ። አለቃቸው መጀመሪያ ተቆጣቸው፣ ከዚያ ተወ። በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ለእትዬ አስካለ ይደውላሉ። የሚነግሯት አዲስ ነገር የለም። «አለሁ፣ እየፈለግኩ ነው» ይላሉ፤ እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። በቃ ይህችው ናት።

አንድ ጊዜ ግን ለእሳቸው የደወለችው እሷ ናት። ከውጭ አገር፣ በረጅም ቁጥር ተደውሎላት ነበር፤ አነሣች፤ «እማ» የሚል ድምፅ ሰማች። ምሕረት ናት። ከበስተጀርባ የሆነች ሴት በማታውቀው ቋንቋ ስትጮኽ ሰማች። ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል አይሠራም። ያን ቀን ጋሽ ወልዴ ከቢታ ገነት የተገኘውን መኪና ይዘው ቦንጋ መጡ። ጣቢያ ሲገቡ ፊታቸው ላይ ከድሮም አይቼ የማላውቀው ደስታ ነበር።

«አለች!» አሉኝ። «ሰብልዬ፣ በሕይወት አለች!»

ሁለታችንም ተቀምጠን እንደ አዲስ ጻፍን። ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የምሕረትን ስም፣ የእናቷን ስም። ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል፣ ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ። እሳቸው መልሱን እዚያው ተቀምጠው የሚጠብቁ ይመስል ወንበራቸውን አልለቀቁም። መልስ አልመጣም። ደብዳቤው እየተዛወሩ ያሉ ሰዎች እጅ ላይ እየተዛወረ ነው፤ ስንጠይቅ «ተልኳል» ይሉናል። ማንም አልበደለም። ሁሉም ልኳል። ይህ ነው ሰውን የሚጨርሰው።

ጋሽ ወልዴን የጨረሳቸው ደም ግፊት ነው ይላሉ። ይሁን።

ቀብሩ ላይ ደንቡ ተጠብቆ ነበር። ከቦንጋም ከቢታ ገነትም ፖሊሶች መጥተን ተሰልፈናል። ሳጥኑ በባንዲራ ተሸፍኗል፤ ከላዩ አዛዣችን ከዕቃ ግምጃ ቤት ያስወጣው አዲስ ቆብ ተቀምጧል፤ ማሸጊያው ገና የተቀደደ ስለሆነ ቅርጹ እንኳ አልተበላሸም። ካህናቱ እየጸለዩ ነው። ዝናቡ ካፊያ ነው። የጋሽ ወልዴ ወንድሞች ያለቅሳሉ፤ እኔ አላለቀስኩም፤ ስለ ወሩ መጨረሻ እያሰብኩ ነበር። ይኸው፣ ይህን ያህል ዘመን የሠራ ሰው በዚህ ያበቃል፤ እኔ በጊዜ ልውጣ እያልኩ።

የታምራት ባጃጅ መጣች። ከባጃጇ እትዬ አስካለ ወረደች። ታምራት ክንዷን ይዞ ጭቃውን አሻገራት፤ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ከሩቅ ይታያል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሳጥኑ አጠገብ ስትደርስ ከነጠላዋ ሥር አንድ ፌስታል አወጣች፤ ከፌስታሉ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር፤ ከጨርቁ ውስጥ ቆቡን። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙ ለቋል፤ ግን ታጥቧል፤ ተተኩሷል።

አዲሱን ቆብ ከሳጥኑ ላይ አነሣችና ለአዛዡ በእጁ ሰጠችው። በቦታው አሮጌውን አደረገች።

«የሱ ይሄ ነው» አለች።

ከዚያ ሳጥኑ ላይ እጇን አሳርፋ፣ ቤቷ የመጣ እንግዳ የምታነጋግር ያህል ቀስ ብላ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ሂድ። አንተ ጨርሰሃል። ከእንግዲህ አልይዝህም» አለቻቸው። ወንድሞቹ ልቅሷቸውን ጨመሩ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ።

መስሎኝ የነበረው ተመልሳ ሴቶቹ ዘንድ የምትቆም ነው። አልሄደችም። ዞረችና በተሰለፍነው ፊት ቆመች፤ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋች። ባዶ ነበሩ።

«ልጄ ግን አልመጣችም» አለች። «አሁን የማንን ልያዝ?»

ካህኑ ጸሎታቸውን አቋረጡ። በሰልፉ ውስጥ ያለን ሁሉ መሬት መሬት አየን። አዛዡ አዲሱን ቆብ በእጁ ይዞ ቆሟል፤ አየው፣ እሷን አየ፣ እንደገና ቆቡን አየው። ልስጣት ይሆን ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። ግን ያ ቆብ የማንም ራስ ላይ ተደርጎ የማያውቅ ቆብ ነው፤ እሱም ያወቀው ይመስለኛል፤ አልዘረጋውም። እጆቿ እንደተዘረጉ ቆዩ፤ ካፊያው መዳፏ ላይ ይወርዳል። ያ የጋሽ ወልዴ አባት ጦር ትዝ አለኝ፤ ደጃፍ ላይ የተደገፈው፣ ሰውየው ደን ውስጥ ቢቀር ፈላጊ የሚያስነሣለት።

እግሬ ከሰልፉ ሲወጣ አእምሮዬ ገና አልተስማማም ነበር። ቆቤን አወለቅኩ። በሁለት እጄ ሰጠኋት። እሳቸው ያሏትን ዓይነት ነገር ልላት ብዬ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ «ያዥልኝ» ብቻ አልኳት።

አላመሰገነችኝም። ቆቡን አገላብጣ አየችው፤ በዚያው ንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ ፌስታሉ ውስጥ አደረገችው፣ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። ከዚያ ሄዳ ሴቶቹ ዘንድ ቆመች፤ ቀብሩም ቀጠለ።

ወደ ቦንጋ ስንመለስ አዛዡ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ አንድም ጊዜ ዞሮ «ቆብሽ የታለ?» አላለኝም።

በማግስቱ የምሕረትን ጉዳይ እንደገና ከመጀመሪያው መጻፍ ጀመርኩ። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ ድካሜም አልለቀቀኝም። እሑድ እሑድ ለእትዬ አስካለ እደውላለሁ። የምነግራት አዲስ ነገር የለኝም፤ አለሁ፣ እየፈለግኩ ነው እላታለሁ። የወሩ መጨረሻ መጣና አለፈ። ዝናብ ሲመጣ ራሴ ይበሰብሳል።